ጋሼ ናም ሲነሣ

ዳቦ ሻጯ ቀና ብላ አላየችውም።

«ቃሪያ ይግባበት?»

«ዛሬ ይቅር።»

በምስጢር ቋንቋቸው ካሴቱ ተገኝቷል ማለት ነው። ኪየም የዳቦውን ሂሳብ ሲሰጣት ካሴቱም አብሮ እጇ ገባ። ወደ ፖሊስ አለቃው የምታደርሰው እሷ ናት። እሱ ዳቦውን እየገመጠ ወደ ሳይጎኑ የአክሲዮን አዳራሽ ተመለሰ።

እዚያ ኪየም የሚባል ፖሊስ የለም። እሱ ጋሼ ናም ነው፤ የነካው ሁሉ የሚቀናው የእንጨት ነጋዴ። የሲሚንቶውን አክሲዮን በሐሰት ወሬ የሚያስወድደው ዲን፣ ናም ሲገዛ አዳራሹ ሁሉ እንደሚገዛ አይቶ ቀጥሮታል። በካሴቱ ላይ ያለው ድምፅ የዲን ነው። ዛሬ ናም እየገዛ ሕዝቡን ይያዝልኝ፣ እኔ ያለኝን አራግፋለሁ ይላል።

የዋጋ ሰሌዳው ወይን ጠጅ ቀለም ለብሷል። ዋጋው ለቀኑ የተፈቀደውን ጣሪያ ነክቷል።

«ጋሼ ናም፣ ዛሬም እንግዛ?» አለችው ሱየን። ሾርባ ቤቷን አስይዛ የገባች ሴት ናት።

«አንቺ ደግሞ፣ ሾርባሽ አያርም?»

«ይረር! እኔ አንተን ነው የምከተለው።»

«ሽንት ቤትም ትከተለዋለች!» አለ ከኋላ አንዱ። አዳራሹ ሳቀ።

ሞባይሉ ጠራ። አለቃው ነው። የምስጢር ስሙ ሽመላ።

«ዕቃው ደርሶኛል። እስኪዘጋ ግዛ።»

«ሰውዬውን መቼ ነው የምትይዙት?»

«ግዛ አልኩህ!»

በስልኩ ውስጥ፣ ከሽመላ አጠገብ አንድ ሰው ሳቀ። በሳል የሚያልቅ ሳቅ። ኪየም ለወራት ሲሰማው የኖረው ሳቅ።

ዲን ነው።

ካሴቱ ሄዷል። አለቃው ተሽጧል። ከጓዳ ያሉት የዲን ሰዎች እያዩት ነው፤ አፉን ቢከፍት አይለቁትም። የቀረው መሣሪያ እሱን የሚከተለው የአዳራሹ ዐይን ሁሉ ነው።

ተነሣ።

«ወንበሬን ጠብቂልኝ» አላት ሱየንን። እዚያ ቤት ወንበሩን ሳያስጠብቅ የሚነሣ የለም። ከልማድ ከአፉ አመለጠው።

ወደ መሸጫው መስኮት ሄደ።

አንድ ወንበር ወደቀ።

«ናም እየሸጠ ነው!»

ሰው በሰው ላይ ወጣ። ስለ ሲሚንቶው የጠየቀ አልነበረም፤ ሲገቡም አልጠየቁም። የቀደሙት ሸጡ። ሰሌዳው ቀላ፤ ከዚያ ውሃ ሰማያዊ ሆነ። የቀኑ ዋጋ ወለል ነው። ከዚያ በታች መሸጥ አይፈቀድም፤ በዚያም ዋጋ የሚገዛ ጠፋ። ዲን በብድር የሰበሰበው የአክሲዮን ክምር እጁ ላይ ቀረ።

ኪየም ዞር አለ። ሱየን አልተነሣችም። እጇን ወንበሩ ላይ ዘርግታለች።

«ሊቀሙህ ነበር፣ አልሰጥም አልኳቸው።»

«አልሸጥሽም?»

«ጠብቂ አልከኝ እኮ!»

የዲን አበዳሪዎች ከፖሊስ የከፉ ናቸው። ዲን ሸሽቷቸው በገዛ እግሩ እስር ቤት ገባ፤ ሽመላንም አሳልፎ ሰጠ። የፖሊስ ሹማምንት ኪየምን «በርታ፣ ተሳክቶልሃል» አሉት። ሌላ ስምና ሌላ ከተማ ሰጡት።

ወደ አውቶቡስ ተራ ሲሄድ በሱየን ሾርባ ቤት በኩል አለፈ። ቤቱን ያስያዘችባቸው ሰዎች ድስቶቹን እያወጡ መኪና ላይ ይጭናሉ። ሱየን ደጃፉ ላይ ቆማ አየችው። ፊቷ በራ።

«ጋሼ ናም! አሁንስ ልሽጥ ወይስ ልጠብቅ?»

ኮፍያውን ዝቅ አደረገ። እንደማያውቃት አለፈ።