ቆዳ ለቆዳ

«አባትህ አርግዟል እንዴ?» አለ ሬዲዮ።

ሬዲዮ የሰፈሩ ልጅ ነው፤ ስሙን ያገኘው በምላሱ ነው። ጠዋት የሰማውን ወሬ ምሳ ሳይደርስ ከተማውን ያዳርሳል፤ ከተማው ካለቀበት ወደ ገጠር ይሻገራል።

«ቦርጭ ነው» አለ የጎሚስታው ልጅ፣ ጆሮው ቀልቶ።

ቦርጭ አልነበረም። በጎሚስታው ቱታ ውስጥ ያለጊዜዋ የተወለደች ሴት ልጁ ደረቱ ላይ ተለጥፋ ነበር። እናትየው የቀዶ ጥገና ቁስሏ አመርቅዞ ሆስፒታል ተመልሳ ገብታለች። ነርሷ ሕፃኗን ስትሸኝ «ገና ራሷን ማሞቅ አትችልም፤ ቆዳ ለቆዳ ያዟት» ብላለች። ጎሚስታው የመኪና ጎማ እንደ ቀለበት በጣቱ የሚያሽከረክር ጉልበተኛ ነው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አረማመዱ እንቁላል እንደተሸከመ ሰው ሆኗል።

አንድ አውቶቡስ እያነከሰ መጥቶ ጎማ መጠገኛው በር ላይ ቆመ። አውቶቡስ አይባልም፣ ትንሽ ከተማ ነው፤ ሰው ጢም ብሎበታል። ሹፌሩ ገና ሳይወርድ መጮህ ጀመረ። ጎሚስታው ልጁን ወደ ጓዳ ጠርቶ ከመጋረጃው ጀርባ የቱታውን ዚፕ ከፈተ።

«እንካ። እሷን ይዤ መኪና ስር አልገባም። ቆዳ ለቆዳ፣ እሺ?»

«እሺ፣ አባዬ።»

አባቱ እንደወጣ የልጁ ዓይን ምስማር ላይ በተሰቀለው የቆዳ ጃኬት ላይ አረፈ። ቆዳ ነው የተባለው፤ ይኸው ቆዳ። የትኛው ቆዳ እንደተባለ በልቡ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግን ሬዲዮ ደጅ ቆሟል። ሕፃን ደረቱ ላይ ለጥፎ ካየው፣ ሽበት እስኪያበቅል ድረስ «እማማ» መባሉ ነው። እህቱን በጃኬቱ ጠቅልሎ ወንበር ላይ አስተኛትና ወጣ።

«ጓዳ ምን አለ?» አለው ሬዲዮ።

«ዕቃ።»

ቆመው ስለ ኳስ አወሩ። የልጁ ጆሮ ግን ጓዳ ቀርቷል። ብታለቅስ ይሻለው ነበር፤ ዝም አለች። ዝምታው የኮምፕሬሰሩን ጩኸት አልፎ ሲሰማው ሮጦ ገባ።

እግሯን ሲነካው በረዶ ነው። ከንፈሯ ጠቁሯል። ደረቷ ከፍ ይልና ይቆማል፤ ቆሞም ይቆያል።

«አባዬ፣ ቀዘቀዘች!»

«ምን ላይ አድርገሃት?» አለ ጎሚስታው ከአውቶቡሱ ስር።

«ቆዳ ላይ። ጃኬቱ ላይ።»

«የሞተ በሬ ያሞቃታል? ያንተን ቆዳ ነው ያልኩህ! አሁን ክሪኩን ብለቅ መኪናው ይወድቃል። ሸሚዝህን አውልቅ፣ ቶሎ በል፣ የኔ ልጅ።»

አወለቀ። ደረቱ ላይ ቀጥ አድርጎ አስደገፋት፤ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዙሮ አንገቱ ስር አደረገና ጃኬቱን ከላይ ደረበው። ቅዝቃዜዋ እስከ አጥንቱ ዘለቀ። ከዚያ የመጣችው ደቂቃ ርዝመቷ የክረምት ያህል ነበር። ልቡ ከኮምፕሬሰሩ ብሶ ይደልቅ ጀመር፤ እሷ ግን ያን ሁሉ ድለቃ እሹሩሩ መሰላት መሰለኝ፣ ትንሽ ተነፈሰች። እሱ ሲተነፍስ ደገመች። እየቆየ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ጣቶቿ ቆዳውን ቧጠጡት።

መጋረጃው ተገለጠ። ሬዲዮ ነው። አፉን ከፈተ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ሳይወጣው ዘጋው።

ጎሚስታው አውቶቡሱን በድንጋይ አስደግፎ ከኋላው ደረሰ፤ እጁን እስከ ክርኑ ታጥቧል። የሕፃኗን ከንፈር አየ፣ እግሯን ዳበሰ፣ ከዚያም የቱታውን ዚፕ ከፈተ።

«አምጣት» አለ።

«ትንሽ ትቆይ፣ አባዬ። ገና አሁን መሞቋ ነው።»

ጓዳው ፀሐይ አይገባውም። ልጁ ጃኬቱን ወደ ላይ ሳብ አድርጎ ተነሳ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ተደርድሮ ወደቆመበት ደጃፍ አመራ። ሬዲዮ ጋ ሲደርስ ቆም አለ።

«እህቴ ናት። ብትፈልግ አውራ። ብቻ ቀስ ብለህ፤ ተኝታለች።»