ሰባተኛው ሚሊሜትር

ልጅቱ በሩን የከፈተችው ኪሷ ውስጥ ባደረ ቁልፍ ነው፤ መከራዋም የጀመረው ከዚያ ነው። በምድር ቤቱ ጠባብ ክፍል ውስጥ አባቷ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ እንዳደረገ በድን ሆኗል። አጠገቡ ያለው ማሽን ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ በየስድስት ሰከንዱ አንድ መስመር እያሰመረ ነበር።

መርማሪዋ ረፋዱ ላይ ደረሰች። ጉልበቷን የሚያማት፣ ንግግሯ ዝግ ያለ ሴት ናት። ማሽኑን አስቁማ የውጭውን በር አስቆለፈችና ነገሩ ሳይለይ ማንም ከወርክሾፑ እንደማይወጣ ተናገረች። በግቢው ያሉት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ልጅቱ፣ መስታወት እየወለወለ ሃያ ዓመት ከአባቷ ጋር የሠራው የእናቷ ወንድም፣ እና ሽማግሌው ዘበኛ። ዘበኛው ትናንት ሌላ ሰው ዝር እንዳላለ ምሎ ተገዘተ።

«እኔ እያለሁ ዝንብም ስሟን ሳታስመዘግብ አትገባም» አለ።

አብሯት የመጣው ሐኪም ቁስል አላገኘም። ሟቹ አስም ነበረበት፤ የገደለውም እሱ ነው። የሞተበትን ሰዓት ግን ከትናንት ቀትር እስከ እኩለ ሌሊት ካለው ሊያጠብበው አልቻለም። ክፍሏ አየር አታስገባም፤ ግድግዳዋ በቡሽ ስለተለበጠ ድምፅም አታስወጣም። በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ የመብራቷ ማጥፊያም ውጭ ነው። መድኃኒቱ በኮቱ ኪስ ነበር፤ ኮቱ ደግሞ፣ የልብስ ብናኝ ማሽኑ ጋ እንዳይደርስ ሟቹ ራሱ ባወጣው ደንብ፣ ኮሪደሩ ላይ ተሰቅሏል። እንግዲህ አንድ ሰው በሩን ዘግቶበት ሄዷል ማለት ነው።

ቁልፉ አንድ ብቻ ነው። አጎትየው ትናንት ቀኑን ሙሉ ከእጁ እንዳልወጣ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለእህቱ ልጅ እንዳስረከባት፣ ያን ጊዜም ሟቹ ደህና ሆኖ ፎቅ ላይ ሲያጫውተው እንደነበር ተናገረ። ልጅቱ ቁልፉን መቀበሏን አልካደችም። ዘበኛው አንገቱን ደፍቶ ሌላም ጨመረ፤ ትናንት ጠዋት አባትና ልጅ ተጯጩኸው ነበር።

«በምን ተጣላችሁ?» አለች መርማሪዋ።

«ማሽኑን ተረከቢኝ አለኝ። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቻለሁ፣ አልፈልግም አልኩት። ከአንቺ ሌላ ለማንም አልሰጥም አለ።»

«ማን ሰማ?»

«ቤቱ ሁሉ።»

ልጅቱ እጆቿን በጉልበቶቿ መካከል ጨምቃ ተቀመጠች። ከዚህ ምድር ቤት ለመውጣት ስትፍጨረጨር ኖራ፣ አሁን የምትወጣው ወደ ባሰ ክፍል መሆኑ ታያት። ግድግዳው የተጠጋት መሰላት።

መርማሪዋ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ካርድ እያነበበች ነበር። ትናንት በሟቹ እጅ የተጻፈ ነው፤ «ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተጀመረ። እስኪያልቅ መግባት ክልክል ነው» ይላል።

«ለምንድን ነው የሚከለከለው? እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ፤ አላውቅምም።»

ልጅቱ መጀመሪያ በለሆሳስ፣ ኋላ ግን ሥራዋ ደፋር እያደረጋት ነገረቻት። ማሽኑ በስስ አልሙኒየም የተለበጠ መስታወት ላይ በአልማዝ ጫፍ ያሰምራል፤ በአንድ ሚሊሜትር ውስጥ ስድስት መቶ መስመር። ብርሃን ሲያርፍበት እያንዳንዱ መስመር በየአቅጣጫው ይበትነዋል። በአብዛኛው አቅጣጫ ሞገዶቹ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የአንዱ መስመር ሞገድ ከጎረቤቱ በልክ አንድ ሞገድ ዘግይቶ በሚደርስበት አቅጣጫ ግን ሁሉም ይደጋገፋሉ። የየቀለሙ ሞገድ ርዝመቱ ስለሚለያይ፣ እያንዳንዱ ቀለም በየራሱ መንገድ ይወጣል።

«እንደ ጭብጨባ ነው» አለች። «ሺህ ሰው እኩል ካጨበጨበ ከሩቅ ይሰማል። ካልገጠመ ጫጫታ ነው።»

«ሰው ሲገባስ?»

«የገላው ሙቀት ብረቱን ይለጥጠዋል። ኢምንት ነው፤ ግን መስመሮቹ ቦታቸውን ይስታሉ። አባዬ እዚያ ውስጥ ትንፋሽም ሌባ ነው ይል ነበር።»

መርማሪዋ ጣቶቿን እያጠፈች አሰላች። በደቂቃ አሥር መስመር፤ በሰዓት ስድስት መቶ።

«አንድ ሚሊሜትር፣ አንድ ሰዓት» አለች። «ልጄ፣ ይህ መስታወት ሰዓት ነው እኮ።»

ከቀትር በኋላ ሁሉንም መስኮት በሌለው የመፈተሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ልጅቱ መስታወቱን በቢጫ መብራት ፊት አቆመች። ከመስታወቱ ተነስቶ በሌንስ አንድ ነጥብ ላይ የሚሰበሰበውን ብርሃን በምላጭ ስለት ቀስ ብላ ከለለችው። በልኩ የተሰመረው እኩል ይደበዝዛል፤ የሳተው ብቻ ጥላ ሆኖ ይወጣል።

«እርስዎ ያንብቡልን» አለች መርማሪዋ ለአጎትየው። «የሃያ ዓመት ዓይን አለዎት።»

አጎትየው ጎንበስ ብሎ አየ። ቀና ሲል ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ።

«እንግዲያው አባባ፣ ማስመሪያውን ይዘው እርስዎ ይንገሩን።»

ዘበኛው ዓይኑን አጠበበ። «እስከ ሰባት ንጹሕ ነው። ሰባት ላይ ጥቁር ሰንበር ይጀምራል፤ ሌላ የለም።»

«ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሰባት ሲጨመር ዘጠኝ ነው» አለች መርማሪዋ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሰው ገባ። እስከ ዛሬ ጠዋት ሌላ ሰንበር የለም፤ ወጥቶ ቢመለስ ኖሮ ሁለተኛ ሰንበር ይኖር ነበር። ስለዚህ የገባው አልወጣም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ፎቅ ሲያጫውትዎ ነበር ያሉት ሰው ታች በጨለማ ተቆልፎበታል። ቁልፉ በማን እጅ እንደነበር ራስዎ ነግረውኛል።»

አጎትየው ከንፈሩን ረጠብ አደረገ።

«መስታወቱ እንደሚናገር ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ማሽኑን አጥፍተው ቢሄዱ ምስክር አልነበረኝም። መብራቱን አጠፉ፤ የማሽኑ ማጥፊያ ከጎኑ ነው። ለምን ተዉት?»

አጎትየው እጆቹን አያቸው።

«የተጀመረ መስታወት አይቋረጥም» አለ። ሃያ ዓመት ሲለው የኖረውን ነው። የቀረው ተከትሎ ወጣ፤ የማሽኑ ድምፅ ተቀይሯል ብሎ አማቹን ወደ ታች እንደላከው፣ ተከትሎት ወርዶም በሩን ከፍቶ እንዳስገባውና እንደዘጋበት። ከዚያ ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ የተናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር። «ለማትፈልገው ሰጣት።»

የውጭው በር ተከፈተ። ዘበኛው «ሂጂ ልጄ፣ ነፋስ ይንካሽ» አላት።

ልጅቱ ግን ከመስታወቱ ፊት አልተነሳችም። የሰንበሩ ጠርዝ እንደ ተቀደደ ጨርቅ የተተለተለ ነበር፤ ሰው ሲንቀሳቀስ፣ በር ሲደበድብ እንዲህ ይሆናል። የማይንቀሳቀስ ገላ ሙቀት ግን ለስላሳ ጥላ ነው። የት ላይ እንደሚለሰልስ ልታይ ማስመሪያውን አስጠጋች።

መርማሪዋ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና መብራቱን በእጇ ጋረደችው።

«ከሰባት በኋላ አትቁጠሪ ልጄ።»

ልጅቱ ግን ቆጥራ ጨርሳለች። የሚለሰልሰው አሥር ላይ ነው፤ አሥራ ሁለት ሰዓት። ያን ጊዜ ቁልፉ ኪሷ ከገባ ድፍን አንድ ሰዓት ሆኖታል።