በሩን አትዝጉት

መዝጊያው የወደቀው በጠራራ ፀሐይ ነው። የስፌት ቤቱ ባለቤት ክር ሊገዛ ወጣ እንዳለ፣ ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት መዝጊያ ጓ! ብሎ ወረደና ለመሬት ስንዝር ሲቀረው ተሰነቀረ። ውስጥ የቀረችው ልብስ ሰፊዋ ሚጡ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ አልጮኸችም። እግሯ የስፌት መኪናው ፔዳል ላይ ደርቆ ቀረ። በጨለማው ውስጥ የሚታያት ከመዝጊያው ሥር የገባው ቀጭን ብርሃንና የካውያው ቀይ መብራት ነበር። ካውያውን የደንበኛ ሱሪ ላይ እንዳስቀመጠችው ትዝ ያላት ሽታው ሲመጣ ነው። የሚቃጠል ጨርቅ ሽታ።

ያኔ ጮኸች።

ከውጭ ሰው ተሰበሰበ። አንዱ መዝጊያውን ይደበድባል፣ አንዱ «ግፉት!» ይላል፣ ሌላው «ኧረ አትግፉት፣ ጭራሽ ይደፈናል!» እያለ ይጮሃል። እነሱ በጮኹ ቁጥር ሚጡ ወደ ኋላ እየሸሸች ከግድግዳው ጋር ተጣበቀች።

ከዚያ ብርሃኑ ላይ ጥላ ወደቀ። አንድ ሰው በደረቱ ተኝቶ አፉን ወደ ክፍተቱ አስጠጋ።

«እህቴ፣ ትሰሚኛለሽ? ቁልፍ ሠሪው ነኝ፣ ከማዶ ያለሁት።»

«ይሸታል! እየተቃጠለ ነው!»

«ምኑ ነው የሚቃጠለው?»

«ሱሪው... ካውያው...»

«ሶኬቱን መንቀል ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እሺ፣ አትንቀይው። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። ትንሽ ብቻ ወደ ድምፄ ጠጋ በይ። ካቃተሽ ትመለሻለሽ።»

ሚጡ በእንብርክኳ ዳኸች። እጇ የካውያውን ገመድ ሲነካ በሙሉ ኃይሏ ጎተተችው። ቀዩ መብራት ጠፋ።

«ጎበዝ! በቃ፣ ከባዱን አንቺ ጨረስሽው። አሁን ይሄን የተበላሸ ሞላ እስክፈታው ድረስ አውሪኝ። ዝም እንዳትዪ።»

«ምን ላውራ?»

«ደስ ያለሽን። ስለምትወጂው ሰው።»

ሚጡ ጉንጯን ሲሚንቶው ላይ አድርጋ ስለ ታላቅ እህቷ አወራች። እታለም የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኮሌታ ትሰፋ ነበር። ማታ ቤት ስትገባ ክር ከእጅጌዋ አይጠፋም። የአለቃዋን አረማመድ መቅዳት ስትጀምር እናታቸው እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች። በመጨረሻው ቀን ጠዋት የሚጡን ፀጉር እየሠራችላት ሳለ ሰርቪሱ ጥሩንባ ነፋ። «ግማሹን ማታ እጨርስልሻለሁ» ብላ ሮጠች።

«እና ጨረሰችልሽ?»

«አልተመለሰችም። ፋብሪካው ሲቃጠል ውስጥ ነበረች። በሩ ተዘግቶ።»

የካቻቢቴው ድምፅ ቆመ። ያን እሳት የማያውቅ ሰው በአገሩ አልነበረም። ሠራተኛ ዕቃ ይሰርቃል ተብሎ በሩ ከውጭ በጓጉንቸር ተቆልፎ ነበር። ባንዲራ ዝቅ ብሎ ተውለብልቧል፣ ሬዲዮኖች ዘፈን አቁመዋል። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ቀኑ ሲደርስ ሳይረን ይጮሃል፤ ሕዝቡም ባለበት ቀጥ ብሎ ይቆማል።

«አንቺ ግን ትወጫለሽ» አለ ከውጭ ያለው ሰው። ድምፁ ሻክሮ ነበር። «ሳላወጣሽ ከዚህ ብነሳ ሰው አይደለሁም።»

«ስምህ ማን ነው?»

«የሰፈሩ ሰው ከፋቹ ይለኛል።»

«እስቲ ክፈተውና እኔም እልሃለሁ።»

ውጭ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። ብረቱ እያንቋረረ ከፍ አለ። ሚጡ በሥሩ ሾልካ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ግራሶ የነካው የወንድ ፊት ነው። ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። ሁለቱም መንገዱ ዳር ተቀመጡ። ሰዉ ሲበተንም አልተነሱም።

ከፋቹ በማግስቱ ተመልሶ መጣና ከውስጥ በአንድ ጣት የሚያስከፍት ማንሻ መዝጊያው ላይ ገጠመላት። ከዚያ ወዲያ ምክንያት አያጣም። የደረት ቁልፉ የተበጠሰ ሸሚዝ ያመጣል፤ ቁልፉ ደግሞ ኪሱ ውስጥ ይገኛል።

«በምላጭ ነው የቆረጥከው» አለችው አንድ ቀን፣ ክሩን በደጁ ብርሃን እያየች።

«ማን? እኔ?»

«ያረጀ ክር እንዲህ አይቆረጥም።»

አንገቱን ደፋ። ሚጡም ሳቋን ለመደበቅ መኪናዋ ላይ አጎነበሰች፤ ጆሮዋ ግን ቀልቶ ነበር።

ቀስ በቀስ ስለ ቤቷ ነገረችው። አባቷን በሕፃንነቷ አጥታለች፤ ከእናቷ ጋር ብቻ ነው የምትኖረው። እታለም ከሞተች ጀምሮ የቤታቸው በር ተዘግቶ አያውቅም። ብርድ ቢሆን፣ ዝናብ ቢሆን፣ ድንጋይ ተደግፎበት ክፍት ነው። በለቅሶው ሰሞን የሚጡ ፀጉር ግማሹ ተሠርቶ ግማሹ እንደተንጨባረረ ሰነበተ። እናቷ ማንም እንዲነካው አልፈቀደችም። የእታለም ስም ሲነሳ ከክፍሉ ትወጣለች። ሚጡ ከሥራ ትንሽ ከዘገየች መንገድ ላይ ወጥታ ትቆማለች።

«አስተዋውቂኝ» አላት ከፋቹ።

«እፈራለሁ።»

«ምን ታደርገኛለች? ትበላኛለች?»

«ለአንተ ሳይሆን ለእሷ ነው የምፈራው።»

ግን ወሰደችው። እናቷ ወንበር ሰጠችው፣ ውኃ አቀረበችለት፣ ቤተሰቡን ጠየቀችው። ሁሉም መልካም ሄደ። በመጨረሻ «ሥራህስ ልጄ?» አለችው።

«ቁልፍ ነው እማማ። እጠግናለሁ፣ እቀርጻለሁ።»

«ጓጉንቸርም ትሸጣለህ?»

ከፋቹ ሚጡን አያት።

«እሸጣለሁ።»

እናትየው ተነሳች። ብርጭቆውን ከፊቱ አነሳች። «እንግዲያው ሁለተኛ ደጄን አትርገጥ። አንዷ ወጥታ ቀርታብኛለች። የቀረችኝን ለቁልፍ ሻጭ አልሰጥም።»

ከዚያ ወዲህ የሚገናኙት ስፌት ቤቱ ደፍ ላይ ብቻ ሆነ። እሱ ከውጭ፣ እሷ ከውስጥ ቆመው ያወራሉ። ሚጡ እናቷ ብቅ ያለች እየመሰላት መንገዱን ሳታይ አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም።

አንድ ቀን ጠዋት ከፋቹ እያለፈ፣ «ዛሬ ገበያው ሕንጻ ላይ ነኝ። አንድ መጋዘን በሩ አልከፈት ብሏቸዋል» ብሏት ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰው ወደዚያው አቅጣጫ ሲሮጥ አየች። ቀና ስትል ከጣሪያዎቹ በላይ ጥቁር ጭስ ቆሟል። በእጇ የያዘችው ጨርቅ ወደቀ። ደጅ ስትወጣ እናቷን አገኘቻት፤ ነጠላ ጫማዋ አንዱ እግሯ ላይ የለም።

«እማዬ!»

«እዚህ ነሽ? አለሽ?» እናትየው ፊቷን፣ ትከሻዋን፣ እጇን ዳበሰቻት። «ጭሱን ሳይ... አንቺ አለሽ!»

«እሱ እዚያ ነው።»

እናትየው የልጇን እጅ ይዛ ሮጠች።

ገበያው ሕንጻ ሲደርሱ መንገዱ በሰው ተጨናንቋል። የእሳት አደጋ መኪና ጥሩንባውን ይነፋል። ሚጡ «ቁልፍ ሠሪውን አይታችኋል?» እያለች የማታውቀውን ሰው ሁሉ ልብስ ትጎትታለች። የሚመልስላት የለም። እናቷ ከኋላዋ በክንዷ አቅፋ ያዘቻት። የእናትየውን የልብ ምት በጀርባዋ ሰማችው።

ከሕንጻው ጀርባ ጩኸት ተነሳ። ሰዎች እየሳሉ፣ እየተደጋገፉ መውጣት ጀመሩ። ሴቶች፣ ተሸካሚዎች፣ ጫማ የሌላት ሻጭ። የሁሉም መጨረሻ ላይ ከፋቹ ወጣ። ቅንድቡ ተለብልቧል፤ የብረት መቁረጫውን እንዳንጠለጠለ ነው።

«የኋላው በር ተቆልፎ ነበር!» አለች ሻጯ እያለቀሰች። «እሱ መውጣት ሲችል ተመልሶ ቆረጠልን!»

ሚጡ ሰዉን ገፍታ ደረሰችና ደረቱን በሁለት ቡጢዋ መታችው።

«ለምን ተመለስክ? ለምን?»

«ሚጡ፣ ደህና እኮ ነኝ...»

«ነገም ትገባለህ! በር ተዘጋ ሲሉህ ሁልጊዜ ትገባለህ! እኔ ሁለተኛ ደጅ ቆሜ አልጠብቅም። አልችልም። በቃ፣ ተወኝ።»

ዞራ ሄደች። ከፋቹ ሊከተላት ፈልጎ ሳል ጣለው።

ከዚያ በኋላ ሲመጣ አታናግረውም። ሸሚዙን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ይሄዳል፤ ሳትነካው ይውላል። እሷ ግን ሳይረን በሰማች ቁጥር ከመቀመጫዋ ተነስታ ማዶውን ታያለች። ሱቁ ውስጥ ካየችው ትቀመጣለች። ካላየችው መርፌው ጣቷን ይወጋታል። ሸሸሁት ያለችው ፍርሃት አብሯት ይውላል።

አንድ እሑድ እናቷ ልብስ እያጣጠፈች ድንገት፣ «እነዚያ ሴቶች ያን ዕለት እቤታቸው ገቡ» አለች።

«የትኞቹ?»

«በቆረጠው በር የወጡት።» ያጣጠፈችውን ፈትታ እንደገና ማጣጠፍ ጀመረች። «እታለም የሞተች ቀን እዚያ ነበርኩ። ነግሬሽ አላውቅም።»

ሚጡ የያዘችውን አስቀመጠች።

«ሮጬ ደረስኩ። ከውስጥ በሩን ይመታሉ። ጓጉንቸሩ ይኸውና፣ ዓይኔ ሥር። ድንጋይ አነሳሁና መታሁት። መታሁት፣ መታሁት... አልተሰበረልኝም። መቁረጫ ያለው ሰው አምጡልኝ እያልኩ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ኋላ ከውስጥ የሚመታው ዝም አለ።»

«እማዬ...»

«እንደዚህ ያለ ልጅ ነበር የፈለግሁት። አሁን መጣ፣ እኔ ከደጄ አባረርኩት።» አፏን በልብሱ ያዘች። ብዙ አለቀሰች። ሚጡ እናቷን እቅፍ አድርጋ አብራት አለቀሰች።

ሲረጋጉ እናትየው ዓይኗን ጠረገች። «ሂጂ ጥሪው።»

«እፈራለሁ እማዬ።»

«እኔስ? እኔም እኮ ልቤ ይጠፋል። እየፈራንም ቢሆን ይምጣ።»

በማግስቱ ሚጡ ማዶ ተሻግራ ጠራችው። የመታሰቢያው ቀን ሲደርስ ሦስቱም ፋብሪካው ወደነበረበት ቦታ አብረው ሄዱ። ሚጡ እዚያ ቦታ ስትደርስ የመጀመሪያዋ ነው። ፋብሪካው ፈርሶ አደባባይ ሆኗል፤ የሟቾቹ ስም በረጅም ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። እናትየው ወደ ግድግዳው ቀርባ የእታለምን ስም ፊደል በፊደል ዳበሰችው። ከፋቹና ሚጡ ከኋላዋ ቆሙ።

ሳይረኑ ጮኸ። ሚጡ የከፋቹን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ እጁ ከእሷ እጅ ይበልጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። ቀና ብላ አየችው። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

ሳይረኑ እስኪያበቃ ጠበቀችና በሹክሹክታ፣ «ያን ቀን ሕንጻው ውስጥ ፈርተህ ነበር?» አለችው።

«በጣም። እግሬ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ፋታ ሰጠሽኝ? ትደበድቢኝ ነበር እኮ።»

ሚጡ ሳቅ አመለጣት። እዚያ ቦታ መሳቋ ራሷን አስደነገጣት፤ አፏን በእጇ ያዘች። ከፋቹ ግን ፈገግ ብሎ እያያት ነው። ያ በመዝጊያው ሥር ሾልካ ስትወጣ ያየችው ፊት አሁን በጣም ቅርብ ነበር። ሚጡ በቀስታ፣ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

«አግባኝ» አለችው።

እናትየው መዳፏን ከስሙ ላይ አላነሳችም። ፊቷንም አላዞረችም።

«ጮክ በይ ልጄ» አለች፤ «እታለምም ትስማሽ።»