ስሞቹ የተፋቁበት ካራ

ፀሐይ በሦስት ቀለበት ተከብባ በወጣችበት ማለዳ፣ የአንጋራ መንግሥት እስትንፋስ የሆነው የሸዋር ወንዝ ቆመ። ጉልማ የተባለው አውሬ በምንጩ አፍ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ግዝፈቱ ኮረብታ የሚያህል፣ ቆዳው ጦርን እንደ ጭራሮ የሚሰባብር።

«ጉልማ በነገሥታት ካራ ይወድቃል» የሚል ጥንታዊ ትንቢት ነበርና፣ ከዙፋኑ በላይ ለሰባት ትውልድ የተሰቀለው ባለ ወርቅ እጀታ ካራ ወረደ። ሁለት ጀግኖች ተራ በተራ ይዘውት ዘመቱ። ሁለቱንም ጊዜ ካራው በአጃቢዎቻቸው እጅ ተመለሰ፤ ጀግኖቹ ግን አልተመለሱም። ሁለተኛው የጦር አለቃው የአበጋዝ ዶርሳ አንድያ ልጅ ነበር።

ንጉሥ ዘንበራ ሦስተኛ ጀግና ሲጠሩ ከአደባባዩ አንድም ጦረኛ አልወጣም። ያን ጊዜ ናሆማ የምትባል ወጣት ቆዳ ፋቂ ሕዝቡን ሰንጥቃ ወጣች። ወደ ካራው ቀርባ ስለቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይህን ካራ ማን ሳለው?»

«የሰባት ነገሥታት ስም የተቀረጸበትን ካራ ሞረድ አይነካውም!»

«እንግዲያው ልጆቻችንን የፈጀው አውሬው ብቻ አይደለም።»

የንጉሡ ፊት በቁጣ ጠቆረ። «አፍሽ እንደሚቆርጥ ክንድሽም ይቁረጥ፤ ሂጂ! ካራውን ከነክብሩ ካልመለስሽ ግን አንገትሽን አልምርም» አሉ። ካራውን እንዲጠብቁም አበጋዝ ዶርሳን አብረው ላኩ።

አምስት ቀን በደረቀው ወንዝ ውስጥ፣ የዓሣ አጥንት እየረገጡ ተጓዙ። የጉልማ ትንፋሽ ከሚሰማበት ገደል ሥር ሲደርሱ፣ ናሆማ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ መርጣ ተቀመጠች። በመጀመሪያ የወርቁን እጀታ ነቅላ ወረወረችው፤ ላብ የነካው ወርቅ ከእጅ ያሟልጫል። በምትኩ ወይራ ጠርባ ገጠመች፤ ሲደርቅ እንዲጠብቅም በእርጥብ ጠፍር ጠመጠመችው። ከዚያ ድንጋዩን አርሳ ካራውን መሳል ጀመረች።

ስለቱ እንደ መጥረቢያ ወፍራም ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ስሞቹ የተቀረጹበትን ጎንና ጎኑን ፍቃ አሳሳችው። የብረቱ ዝቃጭ በጣቶቿ መካከል ሲወርድ፣ የመጀመሪያው ንጉሥ ስም ደበዘዘ፤ ከዚያም ጠፋ።

አበጋዝ ዶርሳ ሰይፋቸውን መዘዙ። «እጅሽን አንሺ! የአባቶቻችንን ስም እየፋቅሽ ነው!»

ናሆማ ቀና አላለችም። «ጌታዬ፣ ልጅዎ ይህን ካራ ይዞ ሲወድቅ ከስሞቹ የትኛው ቆረጠለት?»

የእሷ ውሃ አልቆ ነበርና ብረቱ በደረቁ ድንጋይ ላይ መጮህ ጀመረ። ሽማግሌው አበጋዝ ሰይፋቸውን ወደ አፎቱ መለሱ፤ የቀረቻቸውን የመጨረሻ ኮዳ ፈትተውም በድንጋዩ ላይ አፈሰሱ።

«በይ ሳዪው» አሉ፤ ድምፃቸው ሻክሮ። «የሰባቱንም ፋቂው!»

ናሆማ ካራውን ከእጀታው እስከ ጫፉ፣ አጋደሉን ሳትለውጥ፣ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ጎኑ ሳለችው። በስለቱ ዳር የቀረውን ስስ የብረት ጭራ በቆዳ ቀበቶዋ ላይ እየጠረገች አስለቀቀችው። በመጨረሻ ክንዷ ላይ አሳለፈችው፤ ጸጉሩ ሙልጭ ብሎ ተላጨ።

«የማንኛውም እንስሳ ቆዳ በብብቱ ስስ ነው» አለች። «ግን ክንዱን ማንሣት አለበት።»

«በልጄ ደም እምላለሁ፣ አስነሣልሻለሁ!»

አበጋዝ ዶርሳ በቀትር ፀሐይ፣ ጋሻ እንኳ ሳይዙ፣ እየፎከሩ ወደ ጉልማ ወጡ። አውሬው ሊደቁሳቸው ክንዱን አነሣ። ናሆማ ከሥሩ ገባች። ካራው ድምፅ ሳያሰማ ሰመጠ፤ በሁለት እጇ ይዛ እስከ ደረቱ ሰነጠቀችው። ክንዱ ግን በአበጋዙ ላይ ወረደ።

ጉልማ ሲንከባለል የታፈነው ውሃ እያገሳ ፈነዳ። ናሆማ ሽማግሌውን ጎትታ ዳር አወጣቻቸው፤ በእፍኟም አጠጣቻቸው። አንድ ጊዜ ተጎነጩ፤ «ቀዝቃዛ ነው» አሉ። ዓይናቸውም በዚያው ተከደነ።

ወንዙ ከእሷ ቀድሞ አንጋራ ደርሶ ነበር። ንጉሡ ካራውን ሲያዩ ከዙፋናቸው ተነሡ።

«ስሞቹ የት አሉ? ተንበርክከሽ ይቅርታ ጠይቂ!»

«ለሞቱት ተንበርክኬያለሁ፤ ለብረት አልንበረከክም። ካራውም ከእንግዲህ ግድግዳ ላይ አይውልም፤ እኔ ዘንድ ሥራ አለው።»

«ያዟት!»

የዘበኞቹ አለቃ አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። ጺሙ ከወንዙ ውሃ ገና አልደረቀም። ናሆማን አያት፤ ንጉሡን አያቸው። ከዚያም ጦሩን ወደ መሬት አጋድሞ ከመንገዷ ዞር አለላት።