ያልበሳሁት ካርድ

እኔ በሟርትና በመንፈስ የማምን ሰው አይደለሁም፣ እናቴ ጠበል ስትረጨኝ እንኳ «ልብሴን አበሰበስሽው» ብዬ የምጣላ ነበርሁ፣ ስለዚህ ይህን ስነግርህ ትለፈልፋለች እንዳትለኝ ወዳጄ።

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር፣ የቀበሌ ነዋሪዎችን መዝገብ ወደ ካርድ የምንገለብጥበት ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። ለአንድ ሰው አንድ ካርድ ነው፣ ስሙንና ዕድሜውን በቀዳዳ እበሳለሁ፣ ኮምፒዩተሩ ቀዳዳውን እያነበበ በእንግሊዝኛ ፊደል ያትመዋል። ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለመለውም ከዚያው ዝርዝር ነው። ታዲያ እኔ ምን አደረግሁ መሰለህ፣ የኛን ቤት ስበሳ የታናሽ ወንድሜን የይበልጣልን ካርድ ዘለልሁት። ገና አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር! ቢታወቅ እኔ እስር ቤት፣ እሱ ግንባር ነው። ለአለቃዬ ለጋሽ ታደገ እንኳ አልተነፈስሁም።

አንድ ረፋድ ላይ ከአዲስ አበባ ባለሙያ መጣ፣ ማሽኑ ብዙ ካርድ ባንዴ ቢጎርስ በስንት ደቂቃ እንደሚጨርስ ሊለካ። እኔና ጋሽ ታደገ አንድ ሺህ ካርድ ቆጥረን ሰጠነው፣ የኛም ቀበሌ እዚያው ውስጥ ነው። ሰዓቱን ይዞ አስነሣው፣ ቀጭ ቀጭ ቀጭ እያለ ጨረሰ።

«አንድ ሺህ አንድ ይላል፣ መቁጠር አትችሉም እንዴ?» አለን።

ተናደድሁ። መልሰን ቆጠርን፣ አንድ ሺህ። ደገመው፣ አሁንም አንድ ሺህ አንድ። በሦስተኛው አጠገቡ ቆምሁ፣ ካርዱ አለቀ፣ መደርደሪያው ባዶ ሆነ፣ ማሽኑ ዝም አለ፣ ከዚያ እመነኝ፣ ብቻውን አንዴ ቀጭ አለ።

የመጨረሻውን መስመር አነበብሁት። ይበልጣል፣ ከነአባታችን ስም፣ ከነቤት ቁጥራችን። ዕድሜ፣ አሥራ ዘጠኝ።

ጋሽ ታደገ ከኋላዬ አየው፣ ቤታችንን ያውቃል። ወረቀቱን ከጫፉ ቀደደና «መብራት ሲዋዥቅ እንዲህ ያደርገዋል» አለው ባለሙያውን። ሰውዬው ቡና ሊጠጣ ሲወጣ ወደኔ ዞረ።

«ልጄ፣ ወንድምሽ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሰባት፣ ጋሼ።»

ቁራጩን እጄ ላይ አኖረው። «በይ ያዢው፣ እዚህ አይደር።»

በዚያው ሳምንት ይበልጣልን በጀልባ ጎርጎራ አጎታችን ዘንድ ሰደድሁት፣ ዓሣ እያጠመደ ሁለት ዓመት በሰላም ኖረ። እኔም ወረቀቱን ረሳሁት፣ እንዴት እንደረሳሁት አሁንም አላውቅም። እህል በተወደደ ጊዜ «ቆላ ድባ ገበያ ውጣና ለእማዬ ጤፍ ግዛላት» ብዬ የጻፍሁለት እኔው ነኝ። በወጣበት ዕለት ለውትድርና የሚያፍሱት ገበያውን ከበቡት። ዝርዝር አላስፈለጋቸውም፣ ያገኙትን ወጣት ጫኑ።

ይኸው እስከዛሬ ሞተም አለም የሚለኝ የለም። እናቴ በየዓመቱ የልደቱ ዕለት «ዘንድሮ ስንት ሞላው?» ትለኛለች፣ እኔም አስልቼ እነግራታለሁ። ወረቀቱ ሣጥኔ ውስጥ ነው። አሥራ ዘጠኝ ይላል።