የዘንገናው ወፍ ተመልካች

ሬሳውን ከውሃው ሲያወጡት የሩቅ ማያ መነጽሩ አንገቱ ላይ ነበር። ለእንግዶች ወፍ የሚያሳየው ይኸነው፣ ማጅራቱን ተመትቶ በዘንገና ሐይቅ ምዕራብ ዳር፣ ከበርጩማው ፊት ውሃው ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ። ያገኘችው ሚስቱ ዋጋዬ ናት፤ ጠዋት ስንቅ ይዛለት ስትወርድ።

አማቷ ወይዘሮ ሽታዬ «ልጄን የገደልሽው አንቺ ነሽ» ብለው በጥፊ አጮሏትና ከባሕር ዛፍ ጋር በፈረስ ጠፍር አሰሯት።

ከእንጅባራ በባጃጅ የደረሰችው መርማሪ፣ ሳጅን ማስተዋል፣ ጠፍሩን ራሷ ፈታችው።

«ፍቻት!» አሉ ሽታዬ። «ቀብሩ ላይ ድርሽ ካለች ግን በድንጋይ አስወግራታለሁ።»

«በሕይወት ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማነው?» አለች ማስተዋል።

«እኔ» አለ የሟች ታናሽ ወንድም ሀብቱ። «ዛሬ ጎህ ሲቀድ በላይኛው መንገድ ሳልፍ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ወፉን ያያል። ከኮርቻዬ ሆኜ ‹ጋሼ፣ እንዴት አደርክ› አልኩት፤ እጁን አወዛወዘልኝ። ከዚያ ወዲህ የወረደች ይቺ ጉድ ብቻ ናት።»

«አንተስ ክንዴ?» አለችው ሌላውን ወፍ አሳዪ። «የሥራ ጠላቱ ነህ አሉ።»

«እንዴታ! እንግዳ እየነጠቀኝ! ግን ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ዳንግላ ነበርኩ፤ አሁን ከሚኒባስ መውረዴ ነው።»

አብረውት ለነበሩት እንግዶች ደወለች። እውነቱን ነው።

«ማታ ቤት ሳይገባ ሲቀር ለምን አልፈለግሽውም?» አለቻት ዋጋዬን።

«በመስከረም የፈረንጅ አገር ዳክዬዎች ሲገቡ እዚሁ ዳሩ ላይ በሠራው ዳስ ውስጥ ነው የሚያድር። ትናንት ከእማማ ጋር ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ ውለን፣ አንድ ቤት አደርን።»

ሽታዬ ምራቃቸውን ተፉ፤ ግን አልካዱም።

ማስተዋል በርጩማው ላይ ተቀመጠችና መነጽሩን ዓይኗ ላይ አደረገች። የጠዋቷ ፀሐይ ወጋቻት። ዳክዬዎቹ ጥቁር ጠጠር መሰሉ። ተነሥታ ሰዎቹን ሁሉ ሰበሰበች።

«ፀሐይን ፊቱ አድርጎ ወፍ የሚያይ የለም። ይኸነው ጠዋት የሚቀመጠው ከወዲያ ማዶ፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ነው። እዚህ የሚመጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ውሃው ብርዳም ስለሆነ ሬሳው ሰዓቱን አይናገርም፤ በርጩማው ግን ተናገረ። የሞተው ትናንት ከሰዓት ነው። ያን ጊዜ ክንዴ ዳንግላ ነው። ዋጋዬ ደግሞ ከእርስዎ ጋር ነበረች፣ እማማ። ምስክሯ እርስዎ ነዎት። ሀብቱ ግን የሞተ ሰው እጁን አወዛወዘልኝ አለ።»

«ከሩቅ ነዋ! ተሳስቼ ይሆናል!»

«ይሁን። የአዊ ሰው ታላቁን ከፈረስ ሳይወርድ ሰላም ይላል? ወርጄ ነው እንዳትል፣ ሌሊት የዘነበበት ጭቃ ላይ፣ ሬሳ ሊያወጡ ከመጡት በቀር፣ ያለው የዋጋዬ ዱካ ብቻ ነው። ጭቃው እንዳያጋልጥህ ፈርተህ ወግህን ረሳህ። ሰዓቱን ወደ ጠዋት የገፋኸውም እሷ ላይ እንዲወድቅ ነው።»

ሽታዬ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሳትወርድ? ለታላቅህ?»

ሀብቱ ወደ ዋጋዬ ጠቆመ። «መሬቱን ለእሷ ሊያወርሳት ነበር! ወፉን ሲያይ ከኋላው መጣሁ። እሱ እቴ፣ ዞርም አላለ።»

ካቴና ገባለት። እናቱ ዋጋዬ እግር ላይ ወደቁ።

«ማሪኝ ልጄ። ከእንግዲህ ያለሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

ዋጋዬ ጠፍሩ የላጠውን እጇን አየች፤ እግሯንም ሳብ አደረገች።

«ባሌን ቀብሬ እሄዳለሁ። እርስዎን የሚቀብር ከአሁኑ ይፈልጉ።»