ኤረር ላይ የቆመችው ሴት

«ባቡሩ ዘገየ?»

«ሐዲዱ ግሎ ነው።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። እፀገነት ከተቀመጠችበት ተነሥታ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ ከሰውየው ጎን መራመድ ጀመረች። ቀትር ነው። በዚህ ሰዓት ድሬዳዋ ወይ ተኝታለች፣ ወይ ጫቷን ይዛ ተጋድማለች። መንገዱ ላይ ከሁለቱ በቀር ዝር ያለ የለም።

ሰውየው አለቃዋ ዘርዓብሩክ ነው። ገና ተማሪ ሳለች ለስለላ የመለመላት፣ ከአዲስ አበባ እዚህ የላካት እሱ ነው። በምስጢር ስም እሷ «ድንቢጥ»፣ እሱ «ሸማኔ» ይባላሉ።

«ዛሬስ?»

«የመጀመሪያዎቹን ሁለት ብቻ ነው ያገኘሁት። ሽማግሌው ተደናገረብኝ።»

«እንደ ልማዱ ኤረር ላይ ቀረ?»

«አዎ፣ ኤረር ላይ።»

አፏ መለሰ። እግሯም መራመዱን አላቆመም።

ኤረርን እንዴት አወቀ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እፀገነት ከክረምት ጀምሮ ከዚራ ውስጥ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ አሠልጣኝ መስላ ትሠራለች። በሩ ላይ «የአእምሮ ማሠልጠኛ፤ ከሕፃን እስከ አዛውንት» ይላል። ልጆቹ ስክሪን ላይ ሥዕል ያዛምዳሉ፣ አዛውንቶቹ የቁጥር ረድፍ ያጠናሉ። የቪላው ባለቤቶች ግን መሣሪያ አዘዋዋሪዎች ናቸው፤ ስልክም ወረቀትም አያምኑም። ጠዋት ለአንድ ሽማግሌ ረድፍ ያስጠናሉ። አሥር ሰዓት ላይ «ፈታኝ» የሚሉት ሰው በጓሮ በር ገብቶ ለብቻው ያስደግመዋል። ሦስተኛው ቁጥር ጭነቱ የሚሄድበትን ቦታ ይናገራል። ሽማግሌው «ጎበዝ!» ተብሎ ወደ ቤቱ። ኧረ ማን ይጠረጥራል?

የፈታኙን ፊት አንድም ቀን አይታ አታውቅም።

ሽማግሌው የምድር ባቡር ጡረተኛው አባባ ተሰማ ነው። መጀመሪያ «እርስዎ» ስትለው ተቆጥቷት ነበር። «አቦ፣ አንተ በይኝ! ድሬ ነው ያለሽው!» ባዶ ቁጥር አልያዝ ሲለው በድብቅ ዘዴ ያስተማረችው እሷ ናት፤ እያንዳንዱን ቁጥር ምስል አድርጎ በሚያውቀው የባቡር ጣቢያ ላይ ማስቀመጥ። ሁርሶ፣ ጎታ፣ ኤረር፣ አፍደም። ይሄን ለማንም አልተነፈሰችም። ለዘርዓብሩክም የምትሰጠው ባዶ ቁጥር ብቻ ነው።

ጣቢያዎቹን የሚያውቅ ተሰማን ያስደገመ ሰው ብቻ ነው።

ፈታኙ እሱ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ሙቀቱ ነው ጋሼ።»

«በርቺ የኔ ልጅ። ሽማግሌውን ከዛሬ በኋላ አንፈልገውም።»

የኔ ልጅ! አባቷ የተቀበረ ቀን አጠገቧ ቆሞ ያለቀሰ ሰው! ለካ እዚያ ቤት የከተታት እንድትሰልል ሳይሆን፣ የስለላ ቢሮው «ሰላይ አለን» ብሎ እንዲተኛ ነው። እንባዋ መጣ፣ ዋጠችው። «አንፈልገውም» ማለት ይገደል ማለት እንደሆነም የተማረችው ከእሱ ነው።

ጥግ እስኪታጠፍ ጠበቀች።

ሮጠች።

አባባ ተሰማን ወደ ቪላው የሚያመላልሰው ባጃጅ ነጂ ኑርቶ፣ ባጃጁ ውስጥ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ተጋድሟል።

«ኑርቶ፣ ተነሥ!»

«ወላሂ አልነሣም! በምርቃና ሰዓት?»

«አባባ ተሰማ ጋ ነው። ችግር አለ።»

«ለሱማ እነሣለሁ፣ አቦ!»

ሽማግሌው ቤቱ ደጃፍ ላይ ገና ሲያያት «ምሳ በልቻለሁ እንዴ?» አላት። ጉዱ ይኸው ነው። ኤረር ላይ ቢዘገይም ረድፉን ይወርደዋል፣ ምሳ መብላቱን ግን አያውቅም። ሥልጠናው ያጎበዘው ለረድፉ ብቻ ነው።

«አባባ፣ ዛሬ ኤረር ላይ ምን አለ?»

«ፋና ናት!» ፊቱ በራ። «ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና። ብርቱካን ስትሸጥ ያገኘኋት እዚያ አይደል? ሦስት ብርቱካን ይዛለች።»

ከክረምት ጀምሮ በለመደችው ኮድ ሦስት ማለት የዋሂል መንገድ ነው። ስምንት ቢሆን ግን የሁርሶ መታጠፊያ ይሆናል፤ ከዚህ በፊትም አልፈውበታል። እዚያ ደግሞ ዘርዓብሩክ የማያውቀው አንድ መኮንን ታውቃለች።

«አባባ፣ ፋናን ከኤረር አንሣት። ስምንት ወታደር አቁምበት።»

«እሷስ የት ትሂድብኝ?»

«ቆይታ ትመለሳለች» አለችው።

ዋሸችው። ደጋግሞ የተተከለ አዲስ ነገር አሮጌውን እንደሚገፋ ታውቃለች። በዚህ ዕድሜ ደግሞ የተገፋው ላይመለስ ይችላል። እሷን ዘርዓብሩክ ሸጣት፤ እሷ ደግሞ ሽማግሌውን።

አስደገመችው። ብርቱካኑ መጣ። ደግማ አስደገመችው። በመጨረሻ «ኤረር» ስትለው ሳያመነታ «ስምንት ወታደር» አለ። እሷም ለሁርሶው መኮንን ደወለች።

አሥር ሰዓት ላይ ዘርዓብሩክ ቪላው ውስጥ ረድፉን ሰምቶ በስልክ አንድ ቃል ተናገረ። ከዚያ «ቤትህ ላድርስህ» ብሎ የተሰማን ክንድ ይዞ ሲወጣ፣ ኑርቶ የሰፈሩን ባጃጅ ነጂ ሁሉ ሰብስቦ በሩ ላይ ቆሟል።

«አባባን እኛ ነን የምናደርሰው፣ አቦ!»

ዘርዓብሩክ ያን ሁሉ ዓይን ሲያይ ክንዱን ለቀቀ።

ማምሻውን ጭነቱ ሁርሶ መታጠፊያ ላይ ተያዘ። በእሷ ቃል ዘርዓብሩክም ካቴና ገባለት። ሲያልፍ አያት።

«ድንቢጥ፣ እኔ እኮ ነኝ ሰው ያደረግኩሽ!»

«ለዚያ ነው ያመንኩህ» አለችው።

በማግስቱ ተሰማን አዳማ ወዳለችው ልጁ ለመሸኘት አውቶቡስ ላይ አስቀመጠችው። በመስኮቱ አንገቱን አወጣ።

«ልጄ፣ ሚስቴን የት ነበር ያገኘኋት?»

«ኤረር፣ አባባ። ብርቱካን ስትሸጥ።»

ብዙ አሰበ። ራሱን ነቀነቀ።

«ኤረር? እዚያ እኮ ወታደር ብቻ ነው ያለው።»

አውቶቡሱ ሄደ። ሻሿን ወደ ፊቷ ስባ ሕዝቡ ውስጥ ገባች። ኑርቶ ባጃጁን እየነዳ አጠገቧ ሲያልፍ እንኳ አላወቃት። መውጫው ላይ አንዲት ነጋዴ ብርቱካን ዘረጋችላት።

«እህቴ፣ ሦስት ልስጥሽ?»

ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።